«በኃላፊነት ይጠጡ» የሚለን ማን ነው?



ከእናንተ ከሚደርሱን ጥያቄዎች መካከል አንዱ ደጋግሞ ይመጣል። «ስለ መጠጥ ጉዳት ወጣቶችን የምታስተምሩበት ገንዘብ ሁልጊዜ ያጥራችኋል። የመጠጥ ፋብሪካዎች ደግሞ ለዚሁ ትምህርት ብዙ ገንዘብ ይመድባሉ፤ ‹በኃላፊነት ይጠጡ› እያሉም ያስተምራሉ። ታዲያ ለምን ከእነርሱ ጋር አትሠሩም? ትምህርቱ መልካም እስከሆነ ድረስ ገንዘቡ ከየትም ቢመጣ ምን ክፋት አለው?» የሚል ነው።

ጥያቄው ከቅን ልብ የመነጨ ነውና በአንድ ቃል ልንመልሰው አልወደድንም። በሌሎች አገሮች ይህ ዓይነቱ ትምህርት ከተጀመረ አርባ ዓመት ያህል ሆኖታል፤ ምን ፍሬ እንዳፈራም ተጠንቷል። ስለዚህ የታየውን በአጭሩ ገልጸን፣ የእኛን መልስ በመጨረሻ እንነግራችኋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ የኢትዮጵያ ነው ብለን ካልለየን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የእርዳታ ድርጅት ስለ መጠጥ ምን አገባው?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው ዘገባ እንደገለጸው፣ በ2019 ብቻ 2.6 ሚሊዮን ሰዎች በአልኮል ምክንያት ሞተዋል። 400 ሚሊዮን የሚያህሉ ደግሞ ከአልኮል አጠቃቀም ጋር በተያያዘ የጤና ችግር ውስጥ ይኖራሉ። ይኸው ድርጅት እንደሚለው፣ ሀብታሙና ድሃው እኩል መጠን ቢጠጡ እንኳ የበለጠ የሚጎዳው ድሃውና ቤተሰቡ ነው።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት ለማንም ግልጽ ነው። ደመወዙ ከወር ወር በሚተርፈው ቤት የመጠጥ ወጪ ከትርፉ ላይ ይነሳል። የዕለት ሠራተኛው ቤት ግን ትርፍ የሚባል ነገር የለውም፤ የመጠጡ ሒሳብ የሚከፈለው ከልጆች እንጀራ፣ ከደብተር፣ ከመድኃኒት፣ ከቤት ኪራይ ተቀንሶ ነው። አባት ከታመመ ወይም በመንገድ አደጋ ከወደቀ ደግሞ የሚተካው ገቢ አይኖርም። በአንድ በር ያስገባነው እህል በሌላ በር የሚወጣ ከሆነ፣ ስለ ሁለተኛው በር ዝም ማለት አንችልም። ጉዳዩ የሚያገባንም ስለዚህ ነው።

ትምህርቱ ከየት መጣ?

በዩናይትድ ስቴትስ ሰክረው በሚነዱ ሰዎች ልጆቻቸውን ያጡ እናቶች በ1980 ማኅበር አቋቁመው ሕዝቡን ቀሰቀሱ። በ1984 የወጣው የፌዴራል ሕግ ክፍለ አገሮች አልኮል የመግዣውን ዕድሜ 21 ዓመት እንዲያደርጉ ገፋፋቸው። የቢራ ኩባንያዎች «መቼ በቃ እንደሚባል ዕወቁ» የሚል መልእክት በቴሌቪዥን ማስተላለፍ የጀመሩትም በእነዚያው በ1980ዎቹ ዓመታት ነበር። በ1991 ደግሞ የጠንካራ መጠጥ አምራቾች ለዚሁ ሥራ የሚሆን የራሳቸውን ተቋም መሠረቱ።

በብሪታንያ የመጠጥ ኩባንያዎች በ1989 ፖርትማን ግሩፕ የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። በ2006 ከመንግሥት ጋር በተደረሰ ስምምነት ድሪንክአዌር የተባለ የትምህርት ድርጅት ተቋቋመ፤ ገንዘቡ የሚመጣው በዋናነት ከመጠጥ አምራቾችና ከመደብር ባለቤቶች ነው። በአውስትራሊያም ድሪንክዋይዝ የተባለው ተመሳሳይ ድርጅት በ2005 ሥራ ጀመረ። የዓለም ታላቁ የቢራ ኩባንያ የሆነው ኤቢ ኢንቤቭ ደግሞ እስከ 2025 ድረስ ለዚህ ዓይነት ዘመቻ ቢያንስ 1 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያወጣ በ2015 አስታወቀ።

እንግዲህ ገንዘቡ ብዙ ነው፤ ሥራውም በባለሙያዎች የተያዘ ነው። በእነዚህ ድርጅቶች ውስጥ በቅንነት የሚያገለግሉ ሰዎች መኖራቸውንም አንጠራጠርም። ጥያቄያችን ስለ ሰዎቹ ልብ አይደለም። መልእክቱ ምን ይላል? ምንስ ሳይናገር ይቀራል? የምንጠይቀው ይህን ነው።

ቃሉ ምን ይላል? ምንስ ይተዋል?

«በኃላፊነት ይጠጡ» የሚለውን ቃል ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ስንት ብርጭቆ ማለት ነው? አይልም። ማን ፈጽሞ መጠጣት የለበትም? አይልም። ነፍሰ ጡር፣ መድኃኒት የሚወስድ፣ መኪና የሚነዳ፣ ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚታገል ሰው ምን ያድርግ? እርሱንም አይልም። በግልጽ የሚናገረው አንድ ግሥ ብቻ ነው፤ እርሱም «ይጠጡ» የሚለው ነው።

ይህ የእኛ ጥርጣሬ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የሚገኙ ተመራማሪዎች ከ2008 እስከ 2010 በመጽሔቶች የወጡ የመጠጥ ማስታወቂያዎችን መርምረው ነበር። ከማስታወቂያዎቹ 87 ከመቶ የሚሆኑት የኃላፊነት መልእክት ነበረባቸው። ነገር ግን በኃላፊነት መጠጣት ምን ማለት እንደሆነ የተረጎመ አንድ እንኳ አልተገኘም። ከመልእክቶቹም አብዛኞቹ የተጻፉት ምርቱን ይበልጥ በሚያስወድድ መንገድ ነበር። ማስጠንቀቂያ መስሎ የቀረበው ቃል ዞሮ ዞሮ ማስታወቂያውን አገለገለ ማለት ነው።

የሚተወው ነገር ደግሞ ከሚናገረው ይከብዳል። አልኮል ካንሰር እንደሚያመጣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ያረጋገጠው በ1988 ነው። የአፍ፣ የጉሮሮ፣ የጉበት፣ የትልቁ አንጀትና የሴቶች የጡት ካንሰር ከእነዚህ ውስጥ ይገኛሉ። የለንደንና የስዊድን ተመራማሪዎች በ2017 ባወጡት ጥናት በተለያዩ አገሮች ከሃያ የሚበልጡ፣ ከመጠጥ ኢንዱስትሪው ጋር የተያያዙ ድርጅቶች ስለ ካንሰር ለሕዝብ የሚሰጡትን ማብራሪያ ተመለከቱ። አብዛኞቹ ነገሩን ሳይጠቅሱ አልፈውታል፣ ወይም አጣመው አቅርበውታል፣ አለዚያም ከሌሎች ብዙ ምክንያቶች ጋር ቀላቅለው አደብዝዘውታል። በተለይ የጡትና የትልቁ አንጀት ካንሰር ነገር ተሸፋፍኖ ተገኝቷል።

በአውስትራሊያ በ2018 የሆነውም ይህንኑ ያሳያል። ድሪንክዋይዝ ስለ እርግዝናና አልኮል የሚናገር ፖስተር አሳትሞ ወደ 2,400 ለሚሆኑ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች ላከ። በፖስተሩ ላይ በእርግዝና ጊዜ አልኮል መጠጣት ደህና መሆን አለመሆኑ እንደማይታወቅ ተጽፎ ነበር። ሐኪሞች ግን ለነፍሰ ጡር ሴት ደህና የሚባል መጠን እንደሌለና ጨርሳ እንድትተው ነው የሚመክሩት። የሐኪሞች ማኅበራት ሲቃወሙ ፖስተሩ ተነሥቶ ጽሑፉ ታረመ። በሐኪም ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈን ጽሑፍ ያነበበች እናት ግን የላከውን ማን ብላ ትጠይቃለች? የምታምነው ሐኪም ቤቱን ነው።

ነጋዴው ከማን ያተርፋል?

አሁን ወደ ነገሩ ሥር እንምጣ። አንድ ሻጭ ደንበኛው ከዕቃው እንዲቀንስ ከልቡ ሊያስተምር ይችላል? መልሱ የሚገኘው በሒሳብ መዝገቡ ውስጥ ነው።

በ2018 የታተመ አንድ ጥናት በእንግሊዝ አገር ከመጠጥ ሽያጭ የሚገኘውን ገቢ መረመረ። ከመንግሥት የጤና መመሪያ በላይ የሚጠጡት ከሕዝቡ ሩብ ያህል ብቻ ናቸው፤ ነገር ግን ከሽያጩ ገቢ 68 ከመቶ የሚመጣው ከእነርሱ ነው። ሁሉም ሰው በመመሪያው ልክ ቢጠጣ ኖሮ ገቢው በ38 ከመቶ፣ ይኸውም በ13 ቢሊዮን ፓውንድ ያህል ይቀንስ ነበር።

ይህን ቁጥር እባካችሁ አስተውሉት። ትምህርቱ በእርግጥ ቢሠራና ሰው ሁሉ በልክ ቢጠጣ፣ ትምህርቱን የሚከፍለው ወገን ከገቢው ሲሶ የሚበልጠውን ያጣል። የራሱን ገቢ በዚህ መጠን የሚያጎድል ዘመቻ በገዛ ገንዘቡ እንዲያካሂድ መጠበቅ ከሰው ባሕርይ በላይ መጠበቅ ነው። ስለዚህ ዘመቻው ስለ ጠጪው ጠባይ ብዙ ይናገራል፤ ስለ ዋጋ፣ ስለ ግብር፣ ስለ ማስታወቂያና ስለ መሸጫ ሰዓት ግን ዝም ይላል። ጥፋቱ ሁሉ «ኃላፊነት የጎደለው» በተባለው በአንዱ ሰካራም ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ ሻጩ አስተማሪ ሆኖ ይቀመጣል።

በ2018 የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤት ከድሪንክአዌር ጋር የጋራ ዘመቻ ሲጀምር፣ የመሥሪያ ቤቱ የአልኮል አማካሪ የነበሩት የጉበት ሐኪም ፕሮፌሰር ሰር ኢያን ጊልሞር ይህንኑ ተቃውመው ኃላፊነታቸውን ለቀቁ። መልእክቱ የመንግሥትን የጤና መሥሪያ ቤት ስም ሲይዝ፣ ከፋዩም የዚያን ስም ክብር አብሮ ያገኛል።

ከሲጋራ የተገኘ ትምህርትም አለ። ፊሊፕ ሞሪስ የተባለው የትምባሆ ኩባንያ በ1998 ወጣቶችን «አስቡ፤ አታጭሱ» የሚል ዘመቻ ጀመረ። በ2002 የወጣ ጥናት ግን ይህን ዘመቻ ያዩ ወጣቶች ለትምባሆ ኩባንያዎች የነበራቸው አመለካከት የለዘበ፣ ወደፊት የማጨስ ሐሳባቸውም ከፍ ያለ ሆኖ አገኘው። ከኩባንያዎቹ ነጻ የነበረው ሌላ ዘመቻ ግን ወጣቶቹን ከሲጋራ ይበልጥ እንዲርቁ አድርጓል።

መልካም የሆነ የለም ወይ?

እውነቱን ለመናገር አለ። በቤልጂግ በ1995 የመንገድ ደህንነት ተቋሙና የቢራ ጠማቂዎች በአንድነት «ቦብ» የተባለውን ዘመቻ ጀመሩ። ቦብ ማለት ጓደኞቹን ወደ ቤታቸው ለማድረስ በዚያች ምሽት ምንም የማይጠጣው ሹፌር ነው። ዘመቻው ተወደደ፤ ወደ ሌሎች የአውሮፓ አገሮችም ተዛመተ።

ከላይ ካየናቸው በምን ይለያል? በመጀመሪያ ትእዛዙ የታወቀ ነው፤ ለሚነዳው ሰው «በልክ» ሳይሆን «ምንም» ይላል። ሁለተኛ ዘመቻው ብቻውን አልቆመም፤ ፖሊስ በመንገድ ላይ የሹፌሮችን ትንፋሽ ይመረምር ነበር። ትምህርት ግልጽ ሆኖ ሕግ ከጀርባው ሲቆም ይጠቅማል። ሕግን ለመተካት ሲመጣ ግን መሸፈኛ ይሆናል።

ወደ አፍሪካ ሲመጣ

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ነገር እንዳይመስላችሁ። በ2010 ሁለት የኖርዌይ ተወላጆች በአንድ የሳይንስ መጽሔት ላይ አስደናቂ ነገር አስነበቡ። ሌሶቶ፣ ማላዊ፣ ኡጋንዳና ቦትስዋና እያንዳንዳቸው ብሔራዊ የአልኮል ፖሊሲ ረቂቅ አዘጋጅተው ነበር። አራቱ ረቂቆች ሲመሳከሩ በአቀራረብም በቃላትም አንድ ዓይነት ሊባሉ ጥቂት ቀርቷቸው ተገኙ። ምንጩ ሲፈለግም የሰነዱ መነሻ ኤስኤቢሚለር በተባለው ታላቅ የቢራ ኩባንያ ከፍተኛ ባልደረባ እጅ የተጻፈ መሆኑ ታወቀ። ረቂቆቹ ስለ ትምህርትና ስለ ግል ኃላፊነት ሰፊ ቦታ ሲሰጡ፣ መጠጥን በግብር ስለ ማስወደድና አቅርቦቱን ስለ መቀነስ የሚሉት ነገር እጅግ አነስተኛ ነበር።

በእኛም አገር ታላላቅ የውጭ የመጠጥ ኩባንያዎች ከገቡ ቆይተዋል፤ ለምሳሌ ሃይኒከን የበደሌንና የሐረርን የቢራ ፋብሪካዎች ከመንግሥት የገዛው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ነው። ምርቱ የመጣበት መንገድ ለመፈክሩም መንገድ ይሆናል።

ጉዳትን የሚቀንሰው ምንድን ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት ለመንግሥታት አስቀድሞ የሚመክራቸው ሦስት ነገሮች አሉ፤ በመጠጥ ላይ ግብር መጨመር፣ ማስታወቂያን መከልከል ወይም አጥብቆ መገደብ፣ የሚሸጥበትን ቦታና ሰዓት መቀነስ ናቸው።

ስኮትላንድ ለዚህ ጥሩ ምስክር ናት። ምክር ቤቷ መጠጥ ከተወሰነ ዋጋ በታች እንዳይሸጥ የሚያዝ ሕግ በ2012 አወጣ። የዊስኪ አምራቾች ማኅበር በፍርድ ቤት ስለተከራከረ ሕጉ ለብዙ ዓመታት ተጓተተ። በመጨረሻ የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 ስለፈቀደው፣ ከግንቦት 1 ቀን 2018 ጀምሮ አንድ መለኪያ፣ ማለትም 8 ግራም ንጹሕ አልኮል፣ ከ50 ፔንስ በታች እንዳይሸጥ ተደረገ። በ2023 የአገሪቱ የጤና ተቋም ውጤቱን ሲገመግም፣ በቀጥታ በአልኮል ምክንያት የሚደርሰው ሞት ሕጉ ባይኖር ሊሆን ከሚችለው በ13.4 ከመቶ አንሶ አገኘው። በመስከረም 2024 ዝቅተኛው ዋጋ ወደ 65 ፔንስ ከፍ ብሏል።

በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ ከለከለ፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል እንዳይሸጥም ደነገገ። ይህ በጎ እርምጃ ነው፤ የሚጠቅመው ግን በተግባር ሲውል ነው።

ሆኖም ነገሩን ሁሉ በፋብሪካዎች ላይ ብንጭነው እውነተኞች አንሆንም። በየመንደሩ የሚጠመቀው ጠላ፣ የሚወጣው አረቄ፣ ማስታወቂያም መፈክርም የለውም። ብዙ ጊዜም የሚሸጡት ሌላ መተዳደሪያ ያጡ እናቶች ናቸው፤ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በዚያ ነው። እነዚህን እናቶች በቃል ብቻ «ተዉ» ማለት ከባዱን ሸክም በደካማው ላይ መጫን ነው። መነሻ ገንዘብ፣ ሙያና ገበያ አግኝተው በሌላ ሥራ የሚተዳደሩበትን መንገድ ማሳየት ግን እውነተኛ ትምህርት ነው።

የእኛ መልስ

እንግዲህ ለጥያቄያችሁ መልሳችን ይህ ነው። ለወጣቶች ትምህርት የሚሆን ገንዘብ ከመጠጥ ኩባንያዎች አንቀበልም፤ አርማቸውንም ከእኛ ስም ጎን አናሳትምም። ይህን የምናደርገው ሰዎቹን ስለናቅን አይደለም። የእናንተን አመኔታ የያዘ ስም ከሸቀጥ ጎን ሲቆም አመኔታው ለሸቀጡ ይተላለፋልና ነው። ከፋዩን የሚያስከፋ እውነት መናገር ያለብን ቀን እንደሚመጣም እናውቃለን፤ በዚያን ቀን አንደበታችን ነጻ እንዲሆን እንሻለን። ውሳኔው የሚያስከፍለን ዋጋ አለ፤ የሚታተመው ወረቀት ያንሳል፣ የሚደረሱት ወጣቶችም ቁጥር እንዲሁ። ይህን ሳንደብቅ እንነግራችኋለን።

እናንተም በልጆቻችሁ ትምህርት ቤት፣ በመሥሪያ ቤታችሁ ወይም በምትኖሩበት አገር ስለ መጠጥ የሚያስተምር ወረቀት ሲደርሳችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ወጪውን የከፈለው ማን ነው? ሁለተኛ፣ መጠኑን በቁጥር ይናገራል? ፈጽሞ መጠጣት የሌለባቸውንስ ለይቶ ይጠቅሳል? ሦስተኛ፣ ስለ ካንሰር፣ ስለ እርግዝናና ስለ ሱስ እውነቱን ይገልጻል? ሦስቱንም ካለፈ አንብባችሁ ለሌላው አካፍሉ። ካላለፈ ግን ከሐኪም ወይም ከጤና ጣቢያ የተሻለውን ጠይቁ።

በመጨረሻም አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ከመካከላችን ብዙዎች ከመጠጥ ፈጽመው የራቁ ናቸው። ይህ በወደቀው ወንድማችን ላይ እንድንፈርድ ምክንያት አይሁነን። እርሱ ርካሽ መጠጥ፣ ቅርብ መጠጥ ቤት፣ ባዶ ኪስና ሥራ አጥነት አንድ ላይ የተነሡበት ሰው ነው፤ «ኃላፊነት የለህም» የሚለውን ቃልም ከማንም በፊት ራሱ ለራሱ ሲለው አድሯል። ከእኛ የሚፈልገው በሩን አንኳኩቶ የሚገባ፣ ወደ ሐኪም የሚያደርሰው፣ ልጆቹ በዚያ ወር ትምህርት እንዳያቋርጡ የሚያስብለት ሰው ነው። እናንተ የምትልኩት ስጦታ ይህን ሥራ ይሠራል።